ቀድሞ የቀረበ ምስጋና

እናቴ ሥራ ስላገኘሁ እግዚአብሔርን ያመሰገነችው እሁድ ዕለት፣ በጉባኤ ፊት ቆማ ነው። እኔ ለሥራው የምፈተነው ደግሞ በሚቀጥለው ረቡዕ ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ምስጋናው ፈተናውን በመቅደሙ ነው። ዛሬ ሳወራው እየሳቅኩ ነው፤ ያን ሰሞን ግን ምግብ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ኮሮና ከመግባቱ በፊት ባለው ዓመት ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ አምቦ እናቴ ቤት ከተቀመጥኩ ሰንብቻለሁ። እናቴ ጤና ጣቢያ ውስጥ ክትባት የምትሰጥ ነርስ ነበረች። ከተማው ውስጥ እሷ ያልወጋችው ልጅ የለም ማለት ይቻላል፤ በመንገድ ስንሄድ ሕፃናት ሲያዩዋት እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይደበቃሉ። ጡረታዋ ደርሷል፣ ቤቱ የቆመው በእሷ ደሞዝ ነው፣ እኔ ደግሞ ከቃለ መጠይቅ ቃለ መጠይቅ እዞራለሁ።

ያኔ ዝግጅት ማለት ልብስ መተኮስ ይመስለኝ ነበር። ሌሊቱን እጸልያለሁ፣ ጠዋት ሸሚዜን እተኩሳለሁ፣ የትምህርት ማስረጃዬን በፕላስቲክ ይዤ እሄዳለሁ፤ አለቀ። አንዱ ቦታ ላይ «ድርጅታችን ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ «ልማት» አልኳቸው። ልማት እሠራለሁ የማይል ድርጅት የት አለ ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም፤ ግን አላለፍኩም።

ከዚያ ከአምቦ ብዙም ከማትርቀው ከጊንጪ ከተማ ማስታወቂያ ወጣ። ከገበሬ እህል እየሰበሰበ ለዱቄት ፋብሪካ የሚያስረክብ የገበሬዎች ዩኒየን አንድ የእህል ጥራት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻ። ማስታወቂያውን ሳነበው ልቤ ዘለለ፤ የተማርኩት ይኼንኑ ነዋ። በዚህኛው አመረርኩ።

መጀመሪያ ካስተማሩኝ መምህራን አንዱ ጋ ሄጄ የስንዴ ጥራት በምን በምን እንደሚለካ የሚያስረዱ ገጾች ተቀበልኩ። ቀጥሎ በገበያ ቀን ጊንጪ ወርጄ መጋዘኑን ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አየሁት። ዘበኛው «ምን ፈለግሽ?» ሲለኝ «ሥራ» አልኩት፤ «ገና ነው» ብሎ ተወኝ። እዚያው ቆሜ ዋልኩ። ገበሬው ጆንያውን ከአህያ ያወርዳል፣ ተረካቢው ውስጡ ቦይ የሆነውን ሹል ብረት ጆንያው ሆድ ውስጥ ይሰካና ስንዴውን መዳፉ ላይ ያፈሳል፣ ያሸታል፣ አንድ ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። በደንብ የደረቀ ስንዴ ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ እርጥቡ ዝም ብሎ ይታመቃል። ይኼን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፣ ድምፁን ግን አላውቀውም ነበር።

ማታ ማታ ቤት ውስጥ ፈታኜ እናቴ ሆነች። ነገሩ ቀላል ነው፤ እኔ ጓዳ እገባለሁ፣ እሷ በሦስት ሳህን ስንዴ ታቀርብና በአንዱ አሸዋ፣ በሌላው እንክርዳድ፣ በሌላው ውሃ የነካው ስንዴ ትቀላቅላለች። ከዚያ እወጣና ምን ምን እንደሆነ እናገራለሁ። የቸገረን ነቀዝ ነበር። እናቴ «ነቀዝ ያለበት ስንዴ ካላችሁ» እያለች ሰፈሩን ዞረች። አንዷ ጎረቤታችን «የእኔ ቤት ነቀዝ አያውቅም!» ብላ በሩን ዘጋችባት። ሲመሽ ግን ራሷ በፌስታል ቋጥራ ይዛ መጣችና «ከማን እንዳገኘሽው ለሰው እንዳትናገሪ» ብላ ሰጠቻት። እስከ ዛሬ ስሟን አላነሳንም።

እንዲህ ደህና እየሄድን ሳለ ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ተደወለልኝ። ቀደም ብዬ ከተፈተንኩበት ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። «ለፍላጎትሽ እናመሰግናለን» ብለው ሲጀምሩ ቀሪውን አውቄዋለሁ፤ እየወደቅሁ ለምጄዋለሁ። ያንን ቀን ግን የሆነ ነገር ውስጤ ተቆረጠ። ሳህኖቹን አነሣሁ፣ ስንዴውን ሁሉ አንድ ላይ ደፋሁት።

«ረቡዕ አልሄድም» አልኳት እናቴን። «በቃኝ። ስማር ኖሬ፣ ከዚህ በኋላ ሰው ፊት ቆሜ ሥራ አልለምንም።»

እናቴ የተቀላቀለውን ስንዴ በሰፌድ አድርጋ እየለቀመች አመሸች። መልቀሟ ራሱ አናደደኝ።

እሁድ ጠዋት ከመዝሙሩ በኋላ ፓስተሩ እንደተለመደው «ምስክርነት ያላችሁ» አሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጌታ ያደረገለትን ያየ ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ ከሕመም የዳነ፣ ልጅ የወለደች፣ ከመንገድ አደጋ የተረፈ። እናቴ በዚህ ሰዓት ተነሥታ አታውቅም። በሥራዋ ቀኑን ሙሉ ስትናገር ስለምትውል በቤተ ክርስቲያን መስማት ነው የምትወደው። ከጎኔ ስትነሣ ውሃ ልትጠጣ የምትወጣ መሰለኝ።

«ጌታ ለልጄ ሥራ ሰጥቷታል» አለች፣ ከፍ አድርጋ። «ጊንጪ፣ ዩኒየን ውስጥ። በእምነት ተቀብለናል። ስሙ ይባረክ!»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እንደ እናቴ አጥብቀው የሚያምኑ ሰዎች ያልመጣውን እንደመጣ ቆጥረው ያመሰግናሉ፤ ጉባኤው ውስጥ ያለ ሰው «በእምነት» ሲባል ገና በእጅ እንዳልገባ ያውቃል። ወሬው ከበሩ ሲወጣ ግን ማንም ይኼን አብሮ አይናገርም፤ ሥራ አገኘች ነው፣ አለቀ። ገና ግቢውን ሳንወጣ ሰው እየመጣ በኦሮምኛ «ባጋ ገመዴ!»፣ በአማርኛ «እንኳን ደስ አለሽ!» እያለ ይጨብጠኛል። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ እጨብጣለሁ። ወደ ቤት የወሰደን የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር «ሥራ ያዝሽ አሉ፤ መቼ ነው የምትጋብዢን?» አለኝ።

ቤት ገብተን በሩን እንደዘጋን ፈነዳሁ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ምን አደረግኩሽ? አመሰገንኩ።»

«ያልተሰጠኝን?»

«ተሰጥቶሻል። እጅሽ ገና አልደረሰም እንጂ።»

«ባላልፍስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም መሆንሽ አይደለም?»

ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። «እንግዲያ ውሸታም አታድርጊኝ፣ ኢንታላ ኮ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ልጄ ሆይ ማለቷ ነው፤ ኦሮምኛው የሚመጣባት ነገሩ ሲከብዳት ነበር፤ ያንን ቀን ግን ይኼን ልብ አላልኩትም።

ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር የተመረቀች ልጅ ደወለች። እሷም ለዚያው ቦታ አመልክታለች።

«ቦታው ተይዟል አሉ። እውነት ነው?»

«ማን አለሽ?»

«ከተማው ሁሉ ነዋ የሚያወራው። ሰው ካለሽ ለምን አትነግሪንም? እኛስ ለምን እንደክማለን?»

ሰው ካለሽ ማለት የሚያስቀጥር ዘመድ ካለሽ ማለት ነው። ሳትፈተን ሥራ አገኘች ከተባለ እኛ አገር ሌላ ትርጉም የለውም። የእናቴን ምስክርነት፣ እምነቱን፣ ሁሉንም አስረዳኋት። «እሺ» አለችኝ። ያ «እሺ» አላመንኩሽም ማለት እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩና ሁሉንም መንገድ አሰብኩ። ብቀር፣ እናቴ በጉባኤው ፊት ዋሸች። ብሄድና ብወድቅ፣ ያው ዋሸች። ብሄድና ባልፍ ደግሞ በዘመድ ገባች። ከሦስቱ ቢያንስ የመጨረሻው ደሞዝ አለው።

እያኮረፍኩ ወደ ሳህኖቹ ተመለስኩ። ሰኞና ማክሰኞ ማታ ሳንነጋገር ነው የሠራነው። እሷ ሳህን ታቀርባለች፣ እኔ አያለሁ፣ መልሱን ብቻ እናገራለሁ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ማክሰኞ በመጨረሻው ሳህን ላይ ቆየሁ። ባፈሰው፣ ባሸተው፣ ብሰብረው ምንም አላገኘሁበትም። «ትንሽ እርጥበት አለው» አልኩ።

«የለውም።»

«እንግዲያ አሸዋ።»

«ምንም የለበትም። ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ለምን አቀረብሽው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ክትባት ሊወስድ የመጣ ሕፃን ሁሉ በሽተኛ ነው እንዴ?» አለችኝ። ኩርፊያዬን ይዤ ለመቆየት ብዙ ታገልኩ፤ ሳቄ አመለጠኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ረቡዕ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ጊንጪ ወረድኩ። ከመጋዘኑ ጎን ባለው ቢሮ በር ላይ ተፈታኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እኔ ስደርስ ወሬው ቀጥ አለ። የደወለችልኝ ልጅ ሰላም አለችኝ፣ ግን ቦታ አልለቀቀችልኝም። ቆሜ ጠበቅሁ።

ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢው ከወሎ መጥተው እዚህ የኖሩ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። በቀኛቸው የአምቦ ልጅ የሆነ ወጣት ባለሙያ፣ በግራቸው ነጥብ የምትጽፍ ሴት። «ራስሽን አስተዋውቂ» የሚለውን ጥያቄ በአማርኛም በኦሮምኛም በእንግሊዝኛም አጥንቼ ነበር። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኼ ሥራ እንደተሰጠሽ ሰምተናል» አሉኝ። «ማን ነው የሰጠሽ?»

ይኼ ካጠናኋቸው ገጾች በየትኛውም ላይ አልነበረም።

«እናቴ» አልኩ።

«እናትሽ የት ነው የሚሠሩት?»

«ጤና ጣቢያ። ክትባት ነው የሚሰጡት።»

«ታዲያ የእኛን ሥራ እንዴት ሰጡሽ?»

ያኔ ቁጣዬ ፍርሃቴን ቀደመው። ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸው። ቅዳሜ አልሄድም ማለቴን፣ እሁድ መነሣቷን፣ እልልታውን፣ የባጃጁን ሾፌር ሳይቀር። ወጣቱ ባለሙያ አፉን በወረቀት ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም፤ ከልባቸው ሊገባቸው ፈልገዋል።

«እኛ ስለት የምናስገባው የተሳልንለት ነገር ሲደርስ ነው» አሉ። «እናንተ ሳይደርስ ታመሰግናላችሁ?»

«እናቴ ታመሰግናለች» አልኳቸው። «እኔ አላመሰገንኩም። እኔ ሳጠና ነበር።»

ወጣቱ መቻል አቃተው። «ጋሼ፣ እኛ ጋ እንዲህ አለ፤ የእኔም እናት ሳልመረቅ ነው ያመሰገነችው» አለ። ነጥብ የምትጽፈው ሴት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «በይ፣ ያጠናሽውን አሳዪን» አሉኝ።

ሦስት ሳህን ስንዴ አመጡ። በእኛ ቤት ሳህኖች ውስጥ የነበረው ስንዴ እንዲህ አይመሳሰልም ነበር። በመጀመሪያው እንክርዳድ አገኘሁ፤ በሁለተኛው ውጭው ደህና የሚመስል፣ ስሰብረው ቀጭ የማይል እርጥብ ስንዴ። ሦስተኛው ላይ ቆየሁ። አፈሰስኩት፣ አሸተትኩት፣ ሰበርኩት። ሰዎቹ ያዩኛል፤ የሆነ ጉድለት እንድናገር የሚጠብቁ ይመስላል። እጄን ከሳህኑ አነሣሁ።

«ይኼ ንጹሕ ነው» አልኩ። «ምንም የለበትም።»

ሴትየዋ ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች ከፊቷ አይነበብም። ከዚያ ወጣቱ «ገበሬ ከሩቅ በአህያ ጭኖ እርጥብ ስንዴ ቢያመጣ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልቀበልም እላለሁ፤ ግን ወደ ቤቱ አልመልሰውም» አልኩ። «ስንዴውን በራሱ ጥርስ አስሰብሬ ቀጭ እንደማይል ራሱ እንዲሰማ አደርጋለሁ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሸራ ዘርግቶ ፀሐይ ያስመታውና ከሰዓት እቀበለዋለሁ።» በገበያ ቀን ከአጥሩ ውጭ ስቆም የግቢው ሰፊ ክፍል ባዶውን ሲውል አይቼዋለሁ። ሰብሳቢው በመስኮት ወደ ግቢው ተመለከቱ።

ስወጣ በር ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «ባታልፊስ እናትሽ ምን ሊሉ ነው?»

«አላውቅም» አልኳቸው። «እሱን አላጠናሁትም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አልመሽ አሉ። እናቴ ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ምንም አትጠይቀኝም። በመንገድ የሚያገኙኝ ሰዎች «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» እላለሁ። እሁድ ወደ ጸሎት አብረን ሄድን። እናቴ እንደ ወትሮው ተቀመጠች፤ ከፊት ለፊታችን ያሉት ሴቶች ዞረው ሲያዩን ግን መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። እኔ ነበርኩ የተሳቀቅኩላት፤ እሷ ያው እንደ ዓለት ናት ብዬ አስብ ነበር።

በማግስቱ አትክልት ልገዛ ገበያ ወጥቼ ሳለ ያቺ አብራኝ የተመረቀች ልጅ ደወለች። ጊንጪ ሄዳ የተለጠፈ ውጤት አይታለች። ፈታኝ ኮሚቴው ወሬውን ስለሰማ ማንም በዘመድ ገባች እንዳይል የሁሉንም ተፈታኝ ነጥብ፣ በየጥያቄው፣ ከነማኅተሙ በር ላይ ለጥፎታል።

«አልፈሻል» አለችኝ። «ሦስተኛውን ሳህን ንጹሕ ነው ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ነቀዝ አለበት ብዬ ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አላመንኩሽም ነበር፤ ይቅርታ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት አጠገብ ቁጭ ማለቴን፣ ሴትየዋ «ምን ሆንሽ? አመመሽ?» ማለቷን፣ እኔም «አይ፣ ተገላገልኩ» ማለቴን ነው የማስታውሰው። ያንን ቀን አየሩ ራሱ ይጣፍጥ ነበር። ሽንኩርቱን እዚያው ረስቼ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ።

የክትባት ክፍሉ በር ላይ ልጅ ያዘሉ እናቶች ተሰልፈዋል። በመሃላቸው ሰንጥቄ ገባሁ። እናቴ አንዱን ሕፃን ወግታ ጨርሳ ጭኑን በጥጥ ይዛለታለች።

«እማዬ፣ አለፍኩ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዱጋ? እውነት?»

«እውነት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ውጤቱ ተለጥፏል፤ ጓደኛዬ አይታው ደውላ ነው።»

«አንቺ አላየሽውማ። በደንብ አይታዋለች? ስምሽ ነው? የአባትሽ ስም አለ?»

«አለ እማዬ!»

«ማኅተም አለው?»

ያልተሰጠኝን ሥራ በጉባኤ ፊት ቆማ ያመሰገነች ሴት ናት ማኅተም የምትጠይቀኝ። ልስቅባት ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን ሳቄ ቀረ። ሕፃኑን ለእናቱ መለሰች፣ መርፌውን መጣያው ሳጥን ውስጥ ከተተች፣ ሴቶቹን «አንድ ጊዜ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ በጓሮ በር ወጣች። ተከተልኳት። የውሃ ታንከሩን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ፈርቼ ነበር» አለች። «ከዚያ እሁድ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ምን አፌን አስከፈተኝ እያልኩ ነው ያደርኩት። ዛሬ ጠዋት እዚህ ክፍል ውስጥ እጄ ሲንቀጠቀጥ ልጅ እንዳልጎዳ ብዬ ቁጭ ብዬ ነበር።»

«እርግጠኛ ካልሆንሽ ታዲያ ለምን ተነሣሽ?»

«አልሄድም አልሽ። ሰው ሁሉ ካወቀ መቅረት አትችይም ብዬ ነው» አለችኝ። በጋዋኗ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። «እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሁለታችንም ከቆረጥን ማን ይቀር ነበር?»

አቀፍኳት። ከውስጥ አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፣ ከዚያ ሌላው ተከተለው። «ልቀቂኝ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለች። ክንዶቼን አላላሁ፤ እሷ ግን አልለቀቀችኝም።